ነጩ ድንጋይ የሚሰምጥበት ውሃ

ማክሰኞ ጠዋት እህቴ ሁለት ባዶ ጀሪካን በጉልበቶቿ መካከል ይዛ ባጃጄ ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ሐረር ውስጥ ከአቦከር ተነስተን ወደ ፈላና በር፣ ወደ አክስታችን ቤት እየሄድን ነው። ጉድጓድ ባገኘሁ ቁጥር ጀሪካኖቹ ይንኳኳሉ።

«ቀስ በል እንጂ አቦ! ባዶውን እንዲህ ካንገጫገጭከው ሲሞላ ምን ልታደርገው ነው?»

«ሲሞላ አንቺን አውርጄ ውሃውን ብቻ ነው የምወስደው።»

«አይ ባለ ሦስት እግር! ላቦራቶሪ ደርሰህስ ምን ልትል?»

ሳቅን። ከዚያ በኋላ ምን እንደተባባልን ለማስታወስ ብዙ ሞክሬአለሁ፤ አልመጣልኝም። ተራ ቀን ነበር። ተራ ቀንን ደግሞ ሰው ልብ ብሎ አይዘውም።

እህቴ ሰባት ዓመት ትበልጠኝ ነበር። ኬሚስትሪ ተምራ ከከተማው ዳር ባለ ትንሽ የማዕድን መፈተሻ ላቦራቶሪ ትሠራለች። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ባጃጅ እነዳለሁ። ስለ ማዕድን የማውቀው እሷ በመንገድ ላይ የነገረችኝን ያህል ነው። እዚህ ላይ የተሳሳትኩት ነገር ካለ የእኔ ነው፤ እሷ በደንብ ነበር የምታስረዳው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ወዲያ ያሉ ገበሬዎች ማኅበር አቋቁመው ነጭ ድንጋይ ይቆፍራሉ። ፌልድስፓር ይባላል። ተፈጭቶ የሴራሚክ ሰሐንና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ይሠራበታል። የእነሱ ድንጋይ ግን ንጹሕ አይደለም፤ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ውስጡ ጥቁር ጥቁር ቅንጣት አለው። ጥቁሩ ካልወጣ ሰሐኑ እሳት ሲገባ ነጠብጣብ ያወጣል። ድንጋዩን ሊገዛ ያሰበ ፋብሪካ «ጥቁሩ ይወጣል ወይስ አይወጣም?» ብሎ ላቦራቶሪውን ጠይቆ ነበር። መልሱ ሐሙስ ይላካል። «አይወጣም» ከተባለ ገበሬዎቹ ሁለት ዓመት የቆፈሩት ክምር ሜዳ ላይ ይቀራል።

ጥቁሩ የሚወጣው በማንሳፈፍ ነው። መጀመሪያ ስትነግረኝ አላመንኳትም። ድንጋይ እንዴት ይንሳፈፋል? እሷ ግን አልሳቀችብኝም። ድንጋዩ እንደ ዱቄት ይፈጫል፣ በውሃ ይበጠበጣል። ከዚያ ከዘይት የሚሠራ ሳሙና መሰል ነገር ጠብ ይደረግበትና ከሥር አየር ይነፋበታል። ሳሙናው ጥቁሯን ቅንጣት ይለብሳታል። ሳሙና የለበሰች ቅንጣት ውሃን ትሸሻለች፤ ያገኘችው አረፋ ላይ ተለጥፋ ወደ ላይ ትወጣለች። ነጩን ሳሙናው አይዘውም። ነጩ ውሃን ይወዳል፣ ከታች ይቀራል። ከላይ ጥቁሩን አረፋ ትገፍፋለህ፣ ከታች ነጩን ትሰበስባለህ።

«ቅባት የነካው ሰሐን ላይ ውሃ ስታፈስ ውሃው ተንከባሎ ሲሸሽ አይተህ አታውቅም? ያ ነው» አለችኝ። ገባኝ። እሷ ማንኛውንም ነገር እንዲህ ከቤት ዕቃ ጋር አገናኝታ ነው የምታስረዳው።

ችግሩ ውሃችን ነበር። የሐረርን የቧንቧ ውሃ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከቆላ በፓምፕ ተገፍቶ ነው የሚመጣው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለ ነጭ ነገር ይጋግራል። ሳሙናው አረፋ አያወጣም፤ ልብሱ ላይ እንደ እርጎ ይቋጠራል። ይህን የሚያደርገው ካልሲየም ነው አለችኝ። ማንሳፈፊያው ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሁለት ጥፋት ያጠፋል። አንደኛ፣ ሳሙናውን ይበላዋል። ሁለተኛ፣ ነጩ ቅንጣት ላይ ሄዶ ይቀመጥና ሳሙናውን ይጠራል።

«ነጩና ሳሙናው አይተዋወቁም ነበር። ካልሲየም መሀል ገብቶ ደላላ ይሆናቸዋል» አለች።

ስለዚህ በቧንቧ ውሃ ነጩም ከጥቁሩ ጋር ተያይዞ ይወጣል። የላቦራቶሪው ኃላፊ ሦስት ጊዜ አይተው «ድንጋዩ አይሆንም» አሉ። እህቴ «ድንጋዩ ሳይሆን ውሃው ነው» አለች። ልብስ ማጠቢያ ሶዳ ጨምራ ሞከረች፤ ውሃው ውስጥ የኖራ ደቃቅ ተፈጠረና ሁሉንም ቅንጣት አንድ ዓይነት አለበሰው። ከዚያ አንድ ቀን ለባጃጄ ባትሪ የገዛሁትን ውሃ፣ ያንን የተጣራውን፣ ሳትጠይቀኝ ወሰደችው። ማታ ስትመለስ ከበር ጀምራ እየጮኸች ነበር የገባችው። «ሰመጠ! ነጩ ሰመጠ!»

ኃላፊው ግን ቀላል ሰው አይደሉም። «ፋብሪካ በባትሪ ውሃ አይሠራም። ይህ አገር ባለው ውሃ አሳይኝ» አሏት። አልተቀየመቻቸውም። «ልክ ናቸው» ነው ያለችኝ። እኔ ብሆን በር ወርውሬ ነበር የምወጣው። እሷ ተቀምጣ ይህ አገር ምን ውሃ እንዳለው ማሰብ ጀመረች።

ያን ሰሞን የማታየው ውሃ አልነበረም። የጉድጓድ፣ የምንጭ፣ በቦቴ የመጣ። ሰው ቤት ለዚያራ ስትሄድ ሰላምታ ሳትጨርስ የማንቆርቆሪያ ክዳን ታነሳለች። እናቴ ታፍራለች።

«ያ አላህ! ሰው ቤት ገብታ ማንቆርቆሪያ የምትፈትሽ ልጅ ማን ያገባታል?»

«ማንቆርቆሪያውን ፈግፍጎ የሚያስቀምጥ» ትላለች እህቴ።

በመጨረሻ ዝናብን አሰበች። ክረምት ነበር። የዝናብ ውሃ ድንጋይ ሳይነካ፣ ካልሲየም ሳይዝ ነው የሚወርደው። ከሆነላት ገበሬዎቹ ኩሬ ቆፍረው ዝናብ ማጠራቀም ይችላሉ። ኃላፊው አሁንም አላመኑም። «የእኛ ዝናብ አቧራ ይዞ ነው የሚወርደው። እስከ ሐሙስ ካሳየሽኝ ሪፖርቱን እለውጣለሁ» አሏት።

አክስታችን ጀጎል ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ልማዳቸው ነው። ማክሰኞ የሄድነው ለዚያ ነው። ስንደርስ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። እንስራው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል።

«ምርጡን ነው ያዘጋጀሁልሽ» አሉ። «ለሥራ ነው ብለሽ የለ? ለእንግዳ እንኳ እንዲህ አላደርግም።»

«አላህ ይስጥልን አክስቴ» ብላ ጉንጫቸውን ሳመች። ውሃውን ወደ ጀሪካኖቹ ገለበጥን። የሆነ ሽታ ሸተተኝ፤ የአክስቴ ቤት ሁልጊዜ የሚሸተው ስለሆነ ምንም አልመሰለኝም።

ላቦራቶሪው ውስጥ እንድገባ ፈቀዱልኝ። እህቴ ነጭ ጋውኗን ለብሳ የተፈጨውን ድንጋይ በገንዳዋ በጠበጠች፣ ሳሙናውን በጠብታ ጨመረች፣ አየሩን ከፈተች። ያን ጊዜ አረፋው ተነሳ። እንደ ፈላ ወተት ተነሳ። ቡናማ፣ ወፍራም፣ የማይሰበር አረፋ ገንዳውን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ጥቁሩም ነጩም፣ ሁሉም አብሮ ወጣ። ከታች የቀረ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ፊቷን አየሁት። አልተናደደችም። አየሩን ዘጋች። ከዚያ ጀሪካኑን አንስታ አፉን አሸተተች። እንደገና አሸተተች። አየችኝና ሳቋ መጣ።

«ወይራ ነው! አክስቴ እንስራውን አጥነውታል!»

እኛ አገር የወተት ዕቃና የውሃ እንስራ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ሽታው እንዲጥም ነው፤ እንግዳን ማክበር ነው። አክስቴ «ለሥራ የሚሆን ንጹሕ ውሃ» ሲባሉ ከሁሉ አስበልጠው አጥነውታል። የጭሱ ቅባት ደግሞ ራሱ አረፋ አንሺ ነው። ጥቂት ጠብታ እንኳ ይበቃል አለችኝ። ያን ሁሉ ቅንጣት ይዞ የወጣው የአክስቴ አክብሮት ነበር።

እኔ «ነግረናቸው ቢሆን ኖሮ!» አልኩ።

«ማን ነው ያልነገራቸው? እኔ አይደለሁ? እሳቸው ምን አጠፉ?»

ደብተሯን አወጣች። እየጻፈች ሳለ በትከሻዋ አሻግሬ አነበብኩት። «ውሃው በወይራ በታጠነ እንስራ ነበር። አስቀድሜ አልጠየቅኩም። ስህተቱ የእኔ ነው። ፈተናው አይቆጠርም።» ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር በራሱ እጅ፣ በንጹሕ ጽሑፍ ሲጽፍ ከዚያ በፊት አላየሁም። እኔ ባጃጄን ከግድግዳ ጋር ባጋጨው ጥፋተኛው ግድግዳው ነው የምል ሰው ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ዘነበ። አዲስ ሳፋና አዲስ ጀሪካን ገዝተን ሳፋውን ግቢያችን መሀል አስቀመጥን። በሳሙና አላጠበቻቸውም፤ ሦስት ጊዜ በዝናቡ ውሃ ብቻ አለቀለቀቻቸው። ከጣሪያ የሚወርደውን ልቀዳ ስል ከለከለችኝ፤ ቆርቆሮው ዚንክ ይሰጠዋል፣ ዚንክም ሌላ ደላላ ነው አለች። ከሰማይ በቀጥታ የወረደውን ብቻ ነው የፈለገችው። ሁለታችንም ሻርፕ ተከናንበን ቆመን ሳፋው ሲሞላ እናያለን። እናቴ ከበሩ ላይ ሆና «ዝናብ የሚጠብቅ ዘበኛ ዛሬ አየሁ» አለችን። አንድ ጀሪካን ሞላ። ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችና በርበሬ ያለበት ጓዳ ሳይሆን እኔ መኝታ አጠገብ አስቀመጠችው። «የአንተ ክፍል ሽታ የለውም ማለት አልችልም፣ ግን ይሻላል» አለች።

ረቡዕ ንጋት ላይ ለሱብሒ ሶላት ልትታጠብ፣ ውዱእ ልታደርግ ወጣች። ሰንበትበት ያለ ራስ ምታት ነበራት፤ ከእንቅልፍ ማጣት ነው ትል ነበር። ግቢው ውስጥ የወደቀ ነገር ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ መሬት ላይ ናት። በባጃጄ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ጉድጓዱን ሁሉ እየዘለልኩ ነዳሁ። ቀስ በል የሚለኝ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ የራስ ደም ሥር ተበጥሶ ነው አሉ። ከመድረሳችን በፊት አልፋ ነበር። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

ከዙህር፣ ከቀትር ሶላት በኋላ ልትቀበር ሆነ። አራት ቀን ውሃ ከቧንቧ አልመጣም ነበር። በበርሜል የነበረውን ለቀብር የመጣው ሰው ውዱእ አደረገበት። ጎረቤቶች ከየቤታቸው ያስቀመጡትን የቧንቧ ውሃ በጀሪካን አመጡ፤ ሴቶቹ በመጋረጃው ውስጥ ሆነው እህቴን ማጠብ ጀመሩ። እኔ ውጭ ቆሜአለሁ። ጥቂት ቆይቶ የአክስቴ ድምፅ መጣ።

«ውሃ ጨምሩልን። አልበቃንም።»

የሚጨመር አልነበረም። አንድ ልጅ ከሩቅ ሊያመጣ ሮጧል፤ ጊዜው ግን እየሄደ ነው። መኝታዬ አጠገብ ያለውን ጀሪካን አሰብኩ። ወዲያው አልገባሁም። እውነቱን መጻፍ ስላለብኝ ነው የምጽፈው። የሐሙስ ውሃዋ ነው፣ ሌላ የለም ብዬ ቆምኩ። አክስቴ እንደገና ጠሩ። ገብቼ አመጣሁትና በመጋረጃው ሥር አሳለፍኩት።

ሲጨርሱ አክስቴ ወጥተው ግድግዳ ተደገፉ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ርጥብ ነው።

«ሱብሐነላህ» አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። «በመጀመሪያው ውሃ ሳሙናው እየተቋጠረ አስቸገረን። ይህን ስናደርግ እንደ ጥጥ አረፋ ወጣ። ከየት ያመጣኸው ውሃ ነው?»

«ራሷ ናት የቀዳችው» አልኩ።

ከዚያ አለቀሱ። እንስራውን ስላጠኑ ነበር። ማክሰኞ ማታ ደውላ ነግራቸው ኖሯል። «ሥራዋን አበላሸሁባት» ይላሉ። ስቃ እንደነበር ነገርኳቸው። ስህተቱ የእኔ ነው ብላ እንደጻፈችም ነገርኳቸው። እጄን ይዘው ቆዩ።

ሐሙስ ጠዋት ቤታችን ለተዕዚያ፣ ለለቅሶ በመጣ ሰው ሞልቷል። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው፤ ለፋብሪካው የሚሄደው ደብዳቤ ዛሬ ይወጣል። ውሃው ደግሞ የለም። ሰማዩም ጥርት ብሏል። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም፣ አክስቴ ያሉት ነገር ድንገት ትዝ አለኝ። በአንዱ ውሃ ተቋጠረ፣ በሌላው አረፋ ወጣ። ያው ሳሙና፣ ያው እጅ። ተነሳሁ። እናቴ አየችኝ።

«የት ነው?»

«ላቦራቶሪ።»

«ዛሬ?»

«ደብዳቤው ዛሬ ነው የሚሄደው።»

ከሴቶቹ አንዷ «ሦስት ቀን እንኳ ሳይሞላ?» አለች። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ሸሚዝህን ቀይር፣ እሷ በቆሸሸ አትሄድም ነበር» አለችኝ።

ኃላፊው ቀብር ላይ ነበሩ። ስገባ ተነስተው «አላህ ያጽናችሁ» አሉኝ። ክርስቲያን ናቸው፣ ግን እንዲህ ነው ያሉት። ወንበር ሰጡኝ። እኔ ከሰው ፊት ስናገር ቃል አይመጣልኝም። ጠረጴዛቸው ላይ ደብዳቤው ተዘርግቷል።

«ጌታዬ፣ እህቴ... ማክሰኞ ዝናብ ቀድታ ነበር። ንጹሕ። ያልታጠነ።»

«የታለ?»

«ታጠበችበት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ ካቆምኩ ዳግም እንደማልጀምር ስለማውቅ ቀጠልኩ። ከጎረቤት በመጣው ውሃ ሳሙናው እንደተቋጠረ፣ በእሷ ውሃ ደግሞ እንደ ጥጥ አረፋ እንዳወጣ ነገርኳቸው። «ያሉት አክስቴ ናቸው። ስለዚህ ሥራ ምንም አያውቁም። ሊዋሹልኝ አይችሉም።»

ደብተሯን ከመደርደሪያ አወረዱና የማክሰኞን ገጽ አነበቡ። ስለ እንስራው የጻፈችው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«በዚህ ቤት» አሉ፣ «ያላየችውን አይቻለሁ ብላ ጽፋ አታውቅም። ያጠፋችውንም ደብቃ አታውቅም።» ደብዳቤውን ወስደው ሁለት መስመር ሰረዙ። «አረፋ ማውጣቱ ውሃው ለስላሳ፣ ካልሲየም ያልበዛበት መሆኑን ይነግረኛል። ነጩ በዝናብ ውሃ መስመጡን ግን አላየሁም፣ ሰመጠ ብዬ አልጽፍም። ‹በቧንቧ ውሃ አልሆነም፤ በዝናብ ውሃ ፈተናው ይቀጥላል› ብዬ እጽፋለሁ። ሲዘንብ ራሴ እሠራዋለሁ። ይበቃሃል?»

«ይበቃታል» አልኩ።

ስወጣ አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ገበሬዎቹ አልሰሙም። የማኅበሩ ሽማግሌ በየሳምንቱ ወደ ላቦራቶሪው እየመጡ «ኢንታላኮ፣ ድንጋያችን ዛሬስ ሰነፈ ወይስ በረታ?» ይሏት ነበር። ልጄ ማለታቸው ነው በኦሮምኛ። ባጃጁን ወደ ሐኪም ጋራ አዞርኩ። አቀበቱ ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ።

ሽማግሌው ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ክምሩ አጠገብ ነበሩ። ወርጄ እጃቸውን ሳምኩ። እሷ ብትሆን ከድንጋዩ ነው የምትጀምረው ብዬ ከድንጋዩ ጀመርኩ። አልተጣለም፣ ዝናብ ይጠበቃል አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ!» አሉና ወደ ሰዎቹ ዞረው በኦሮምኛ ተናገሩ። ከዚያ ስለ እሷ ነገርኳቸው።

ዶማዎቹ ሁሉ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ እኛም አሚን አልን። ሲጨርሱ ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ።

«ኩሬውን» አሉ፣ «የት ላይ ቆፍሩ ነበር ያለችው?»

አንድ ቀን ስንወርድ ያሳየችኝን ቦታ አሳየኋቸው። ከክምሩ በላይ፣ ኖራ የሚመስለው ነጭ አፈር የማይደርስበት፣ ጥቁር ዓለት ያለበት ጎድጎድ ያለ ስፍራ ነው። ነጩ አፈር ከገባበት ዝናቡም የቧንቧ ውሃ ይሆናል ብላኝ ነበር። ይህን ስነግራቸው ቃል አልጠፋብኝም።

ሽማግሌው በእንጨት ዙሪያውን መሬት ላይ አሰመሩ። አንዱ ሰው ዶማውን ሰጠኝ። ሸሚዜን አውልቄ ቁጥቋጦ ላይ ሰቀልኩና እስከ ዙህር አብሬአቸው ቆፈርኩ።